ልብን ስለሚተካው መኪናና ስለ ደጋው ሕመምተኛ

ልቡ ጸጥ ብሎ ቆሞ ሳለ ሰው በሕይወት ይኖራል ቢባል የቀድሞ ሰዎች ባላመኑም ነበር። ጆን ጊበን የተባሉት አሜሪካዊ ሐኪም ግን ሚያዝያ 28 ቀን 1945 ዓ.ም. በፊላደልፊያ ከተማ የአንዲት የ18 ዓመት ልጃገረድ ልብ ከፍተው በውስጡ የነበረውን ቀዳዳ ሲሰፉ፣ የልብንና የሳንባን ሥራ ለ26 ደቂቃ የሠራላት እርሳቸው ብዙ ዘመን ደክመው ያዘጋጁት መኪና ነበረ። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ ወደ ልብ የሚመለሰው የጠቆረ ደም ከታላላቆቹ የደም ሥሮች በቧንቧ ይቀዳል፤ እንዳይረጋም መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ከዚያም ኦክሲጅን በሚቀበልበት ዕቃ ውስጥ አልፎ፣ ቀይ ሆኖ፣ በፓምፕ እየተገፋ ወደ ሰውነት ይመለሳል።

ይህ መኪና ባይገኝ ኖሮ ክርስቲያን ባርናርድ ኅዳር 23 ቀን 1960 ዓ.ም. በኬፕታውን የሟች ሴት ልብ ለሌላ ሰው ሊተክሉ ባልቻሉም ነበር። ሕመምተኛው በ18ኛው ቀን በሳንባ ምች ሞተ፤ ሰውነት ባዕድ ሥጋን እንዳይጥል የሚሰጠው መድኃኒት በሽታን የመከላከል ኃይልንም ያደክማልና። በ1973 ዓ.ም. በስታንፎርድ ልብና ሳንባ በአንድነት የተተከሉላት ሴት ግን ለዓመታት ኖረች። ዛሬ የዚያው መኪና ዘር የሆነ መሣሪያ የሚተከል ልብ እስኪገኝ፣ ወይም የተተከለው ሳንባ እስኪበረታ ድረስ ሕመምተኛውን ለቀናትና ለሳምንታት ያቆየዋል።

በ1859 ዓ.ም. ግድም ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በጋፋት ስለ ተሠራ፣ የደብረ ታቦር አገር ለትልቅ መሣሪያ ባዕድ አይደለም የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን ከደረት የወጣ ልብ በበረዶ ተጠብቆ የሚቆየው ለ4 ሰዓት ያህል ሲሆን፣ ከደብረ ታቦር እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ከ600 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ኩላሊትን ሕያው ዘመድ ሊሰጥ ስለሚችል በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. ንቅለ ተከላው ተጀምሯል፤ ልብን ግን ሕያው ሰው አይሰጥም።

የደጋውን ወጣት ልብ አብዝቶ የሚያበላሸው ከጉሮሮ ሕመም የሚነሣው ነገር ነው። ጉሮሮን ያቆሰለው ተሐዋሲ ሳይታከም ሲቀር፣ ከሳምንታት በኋላ የመገጣጠሚያ ቁርጥማትና ትኩሳት ያመጣል፤ ቁርጥማቱ ይለቃል፤ ቫልቭ የሚባሉት የልብ በሮች ግን ጠባሳ ይዘው ይቀራሉ። በሽታው ሰው ተጨናንቆ በሚያድርበት ቤት ይጸናል፤ የቆሎ ተማሪዎች የሚያድሩባት ጎጆ ምን ያህል እንደምትጠብ ለሊቃውንቱ መንገር አያሻም። ልጁ ጉሮሮውን ሲያመው እንጥሉን ማስቆረጥም የቆየ ልማድ ነው። ይህ ደም ከማፍሰስና ቁስል ከመጨመር በቀር ተሐዋሲውን አይነካውም፤ ፔኒሲሊን ግን ይገድለዋል።

በሩ ከተበላሸ በኋላ ወደ ቀዶ ጥገና መሄድ ግድ ይሆናል። በዶክተር በላይ አበጋዝ ትጋት የተቋቋመው የልብ ሕሙማን ማዕከል በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ተከፍቶ፣ ጊበን የጀመሩት ዓይነት መኪና የኢትዮጵያ ልጆችን ሕይወት ይዞ አቆይቷል። ግብጻዊው የልብ ሊቅ ማግዲ ያዕቆብ የመሠረቱት ማኅበርም ሐኪሞች እየላከ ረድቷል። ይሁን እንጂ የብረት ቫልቭ የተተከለላት የጉና ግርጌ ባላገር ዕድሜዋን ሙሉ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ልትውጥና ደሟን በየጊዜው ልታስመረምር ይገባታል፤ ያረገዘች እንደ ሆነም መድኃኒቱ ለጽንሱ፣ መቋረጡ ለእርሷ አደጋ ነው።

አንድ ጊዜ በቁርጥማቱ ትኩሳት የታመመ ልጅ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ለብዙ ዓመታት ሊወጋ ያስፈልገዋል። ተማሪው ቅኔ ፍለጋ ከደብር ወደ ደብር ሲሄድ መርፌው እንዳይቋረጥ፣ ቀኑ የተጻፈበት ወረቀት በአኮፋዳው ይቀመጥ፤ የሚቀበሉት የኔታም ከማስተማራቸው አስቀድመው ይጠይቁት። የወረዳው ሹም ደግሞ መርፌው በጤና ጣቢያው መኖሩን ከክረምቱ በፊት ይመርምር፤ መንገዱ በጭቃ ከተዘጋ በኋላ ማድረስ አስቸጋሪ ነውና።