ማን ቀድሞ ሞተ?

ተማሪዎችን በምንመዘግብበት ሰሞን የብዙ ልጆች የልደት ቀን መስከረም 1 ሆኖ አገኘሁት። አንዷን እናት «እህቴ፣ እውነት በአዲስ ዓመት ዕለት ነው የወለድሻት?» ብላት፣ «ኧረ ኡስታዝ፣ በረመዷን አጋማሽ ነው፤ መስከረም ያለው ጸሐፊው ነው» አለችኝ። ረመዷን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ስለሚቀድም፣ ዓመቱ በትክክል ካልታወቀ የልጅቷን ቀን ማግኘት አይቻልም።

ውድ አንባብያን! የአንድን ሀገር መዝገብ ጥራት የሚመረምሩ ሰዎች የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። ከተወለዱትና ከሞቱት ስንቱ ተጻፈ? የተጻፈውስ እውነት ነው? ዕድሜውን በግምት የሚናገር ሕዝብ 30፣ 35፣ 40 ላይ ይከማቻል። ዊፕል የሚባለው መለኪያ ይህን ክምችት ያሳያል፤ 100 ከሆነ ክምችት የለም፣ 500 ከደረሰ ግን የሁሉም ሰው ዕድሜ በ0 ወይም በ5 ያልቃል ማለት ነው።

በሀገራችን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ ቢደነግግም ድንጋጌው ሥራ ላይ ሳይውል ኖረ። አዋጅ ቁጥር 760 በ2004 ወጣ፤ ምዝገባው በሀገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው። በዚያው ዓመት፣ ከምዝገባው ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ሕጻናት ልደታቸው የተመዘገበው 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። አሁን ልደት በ90 ቀን፣ ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት።

ልደትስ ትምህርት ቤት ይጠይቀዋል። ለሟች ግን ማን ይሮጣል? እኛ ደግሞ ጀናዛ እናፋጥናለን፤ ቤቱ የሞተ ሰው ሐኪም ሳያየው በዕለቱ ይቀበራል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የከተማዋን ሞት ለማወቅ ወደ መቃብር ስፍራዎች፣ የሙስሊሙን ጨምሮ፣ የሄዱት ያለ ምክንያት አይደለም።

አንዲት ጎረቤቴ ባሏ ቤቱ ሞተ። በዚያው ሳምንት አባቱም በገጠር ሞቱ። የሁለቱም ሞት አልተመዘገበም። በሸሪዓችን ልጅ ከአባቱ ቀድሞ ከሞተ፣ አጎቶች በሕይወት እያሉ የልጅ ልጆች አያታቸውን አይወርሱም፤ አባት ከቀደሙ ግን የልጁ ድርሻ ለልጆቹ ያልፋል። ከሁለት ዓመት በኋላ የቀረቡት ምስክሮች አንዱ «ከዐረፋ በፊት»፣ ሌላው «ከዒዱ ማግስት» አሉ። እሷ ግን የዒዳዋን 4 ወር ከ10 ቀን አንድ በአንድ ቆጥራለችና የባሏን ቀን አትስትም። የጠፋው የአማቷ ቀን ነው። ጉዳዩ ዛሬም ቃዲው ዘንድ ነው።