ለገና አገር ቤት ሲሄዱ መኪናዎ በምን ሁኔታ ይቆይ?

ሚኒሶታ የሚኖር ሐበሻ አገር ቤት ለመሄድ የሚመርጠው ጊዜ ለመኪናው ክፉ ወቅት ነው። ገናና ጥምቀት የሚውሉት በጃንዋሪ፣ ሚኒያፖሊስ ላይ ብርዱ ከዓመቱ ሁሉ በሚበረታበት ወር ነው። ሁለት ወር ቆይቶ ሊመለስ ያሰበ ሰው ታዲያ ቁልፉን ለዘመድ ይሰጥና «እባክህ በሳምንት አንዴ አስነሳልኝ» ብሎ ይሄዳል። አደራው በቅን ልብ የተሰጠ ቢሆንም መኪናውን የሚጎዳው እሱው ነው።

ቤንዚን ሲነድ ውሃ ይፈጠራል። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ ውሃው ተንኖ ይወጣል። አምስት ደቂቃ ተነስቶ ከጠፋ ግን ከፊሉ ዘይቱ ውስጥ፣ ከፊሉ ማርሚታው ውስጥ ይቀራል። እንዲህ የከረመ መኪና ኮፈኑ ተከፍቶ የዘይት መሙያው ክዳን ሲገለበጥ፣ ከሥሩ የማኪያቶ መልክ ያለው አረፋ ተለጥፎ ሊገኝ ይችላል፤ ውሃና ዘይት የተቀላቀሉበት ነው። ማርሚታውም ከውስጥ መዛግ ይጀምራል። ባትሪውም አያተርፍም። በብርድ ሞተሪኖውን ለማዞር ብዙ ኃይል ይወጣል፤ ቆሞ በሚሠራ ሞተር ዲናሞው የሚመልሰው ጥቂት ነው፤ ማሞቂያውና መብራቱ ከበሩ ደግሞ ያችኑ ይሻሟታል።

ስለዚህ መኪናው ወይ በወጉ ይነዳ፣ ወይ በወጉ ይቁም።

ዘመድዎ ጊዜ ካለው፣ አስነስቶ ከማጥፋት ይልቅ በሳምንት አንድ ቀን ግማሽ ሰዓት ያህል ፍሪዌይ ላይ ይንዳው። ለዘወትር መኪና፣ ለካምሪም ሆነ ለኮሮላ፣ የኔ ምርጫ ይሄ ነው። ዋጋው ጨው ነው። መንገዱ ላይ የሚበተነው ጨው ከበረዶው ውሃ ጋር ተዋህዶ ከሥር ሻንሲው ላይና የፍሬን ቱቦው ላይ ይጣበቃል። ተራው ጨው ወደ −9 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ኃይሉ ስለሚደክም፣ ከዚያ በታች ማግኒዚየም ክሎራይድ ያለበት ፈሳሽ ይጨመርበታል፤ እሱ ደግሞ ከአየር እርጥበት እየሳበ ቶሎ አይደርቅም። መድኃኒቱ ከሥር ውሃ የሚረጭ ላቫጆ ነው። ጨው የጠጣ መኪና ሳይታጠብ ሞቅ ያለ ጋራዥ ውስጥ ከቆመ ደግሞ ውጭ ብርድ ላይ ካደረው ይልቅ ቶሎ ይዝጋል፤ ሙቀትና እርጥበት ሲገናኙ ዝገቱ ይፋጠናልና።

የሚነዳው ሰው ከሌለ፣ ወይም መኪናው አሮጌ የክብር ዕቃ ወይም የበጋ ጎማ ብቻ ያለው ከሆነ፣ ይቁም። የበጋ ጎማ ከ7 ዲግሪ በታች እየደረቀ መንገድ መያዙን ይቀንሳል። ከመቆሙ በፊት ታጥቦ ይድረቅ፣ ዘይቱ ይቀየር፣ ታንኩ ቤንዚን ይሙላ። ከወር በላይ ከሆነ የነዳጅ ማቆያ ፈሳሽ ይጨመርበትና ፈሳሹ እስከ ሞተሩ እንዲደርስ ትንሽ ይነዳ። የራዲያተሩ አንቲፍሪዝ ከውሃ ጋር እኩል ለእኩል ከሆነ እስከ −37 ገደማ ይችላል። የእጅ ፍሬን አይሳቡ፤ የፍሬን ሸራው ከዲስኩ ወይም ከታምቡሩ ጋር ሊጣበቅ ይችላል። ጎማው ሥር ታኮ ይበቃል።

ትልቁ ጉዳይ ግን ባትሪው ነው። ቆሞ የሚያድር መኪናም ይበላል፦ አላርሙ፣ ኮምፒዩተሩ፣ ሰዓቱ። 50 ሚሊ አምፔር ቢስብ በቀን 1.2 አምፔር ሰዓት ነው፤ የ60 አምፔር ሰዓት ባትሪ በ50 ቀን ባዶ ይሆናል፣ ማስነሳት የሚያቅተው ደግሞ ከዚያ በጣም ቀድሞ ነው። −18 ላይ ሙሉ ባትሪ እንኳ የማስነሳት ኃይሉ ከግማሽ በታች ይወርዳል። የሞላው አይረጋም፤ ባዶው ግን ከዜሮ ጥቂት ዲግሪ ወረድ ሲል በረዶ ሆኖ ሳጥኑን ሊሰነጥቅ ይችላል። የቤት ጋራዥ ያለው ባትሪውን በዝግታ እየሞላ የሚጠብቅ ቻርጀር ይሰካበት። የሌለው ባትሪውን ሞልቶ የነጌቲቩን ገመድ ይንቀል።

መንገድ ዳር ማቆም ግን ፈጽሞ አይሆንም። ሚኒያፖሊስም ሴንት ፖልም በረዶ ሲከመር ስኖው ኢመርጀንሲ ያውጃሉ፤ በተራው ያልተነሳ መኪና ተጎትቶ ይወሰዳል። አዲስ አበባ ላይ ሆነው ይህን ማስተካከል ከባድ ነው፣ የማቆያው ሒሳብም በየቀኑ ይጨምራል።

ኢንሹራንስን በተመለከተ፣ ለቆመ መኪና ስርቆትንና ከግጭት ውጭ ያለ ጉዳትን ብቻ የሚሸፍን ቅናሽ ውል ስላለ ከመሄድዎ በፊት ይጠይቁ። መኪናው ላይ የባንክ ዕዳ ካለ ግን አበዳሪው ሙሉ ሽፋን ስለሚጠይቅ ቅናሹ ላይፈቀድልዎ ይችላል። ቅናሹን ከወሰዱ መኪናው መንገድ ላይ እንዲወጣ አይፈቀድምና ቁልፉን ለማንም አይስጡ፤ ይዘውት ይሂዱ።