ባትሪው ይቀየር ከመባሉ በፊት

ባለቤቴን ከፊዚዮቴራፒ ይዤው እየተመለስኩ ነበር። አትላስ ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ ምልክት በራና መኪናው ጉልበት አጣ። ከኋላችን ጡሩምባው ሲበረታ ባለቤቴ ስትሮክ ባልነካው ቀኝ እጁ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ «አይዞሽ፣ ዳር ያዢ» አለኝ።

ሰፈራችን ያለ ጋራዥ ወሰድነው። መካኒኩ ኮምፒውተሩን ሰካ፤ አሥር ደቂቃም አልፈጀበት። «እናቴ፣ የሃይብሪዱ ባትሪ አልቋል። ሙሉውን መቀየር ነው» ብሎ ዋጋውን ነገረኝ። የጡረታ አበሌን ሁለት ዓመት ሳልነካው ባጠራቅም የማይሞላ ገንዘብ ነው። በእጃችን ያለው ለባለቤቴ ሕክምና ያስቀመጥነው የእቁብ ብር ብቻ ነበር። ብሩን ካወጣሁት ሕክምናው ይቋረጣል፤ ካላወጣሁት ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን የማመላልስበት መኪና ይቆማል። ሚኒባስ ላይ መውጣት መውረድ አይችልም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ሲነጋ ግን የነርስነት ዘመኔ ትዝ አለኝ። ትኩሳት ያለበት ሁሉ ወባ የለበትም፤ ደሙ ሳይታይ የወባ መድኃኒት አይጀመርም። የበራው መብራት ምልክት እንጂ በሽታው አይደለም። ስለዚህ ሌላ ባለሙያ ፈለግኩ።

ሁለተኛው ልጅ ወንበሩን አንስቶ እያሳየ አስረዳኝ። የሃይብሪድ ባትሪ ከብዙ ትንንሽ ባትሪዎች የተገጣጠመ ነው። ለምሳሌ ከ2003 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. የተሠራው ቶዮታ ፕሪየስ 28 ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ 7.2 ቮልት፣ በድምሩ 201.6 ቮልት ነው። ከመካከላቸው አንዱ ሲደክም ኮምፒውተሩ የመላውን ባትሪ መብራት ያበራል። እያንዳንዱን ክፍል መኪናው ቆሞም፣ ጭነት ላይም ሆኖ ሲለካ የእኛ መኪና የደከሙት ሁለቱ ብቻ ሆነው ተገኙ።

ቀጥሎ የኋላ ወንበሩ ጎን ያለውን የአየር መሳቢያ አሳየኝ። ባትሪው የሚቀዘቅዘው በዚያ በሚገባው አየር ነው። ማራገቢያው በአቧራ ተደፍኗል። ከላይ ደግሞ ባለቤቴ ጀርባውን እንዲመቸው ብዬ ያጠፍኩት ጋቢ ሸፍኖታል። ለእሱ ምቾት ያደረግኩት ባትሪውን ሲያግለው ከርሟል።

ሁለቱ ክፍሎች ተቀየሩ፤ ማራገቢያው ተጠረገ። የከፈልኩት መጀመሪያ ከተጠየቅኩት ጥቂቱን ነው፤ ሕክምናውም አልተቋረጠም። ልጁ ግን አልደበቀኝም። «ሲስተር፣ የቀሩትም ዕድሜያቸው ያው ነው፤ ነገ ሌላው ሊደክም ይችላል» አለኝ። ሥር የሰደደ ሕመም ክትትል ይፈልጋል፤ ለዚህም ሌላ ትንሽ እቁብ ጀምሬያለሁ።

ዋጋው ለምን እንዲህ ናረ ለሚል፣ ዕቃው በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዚያው ዓመት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለተከለከለም ብዙዎቻችን ያለንን አሮጌ መኪና እያስታመምን ነው።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ «ባትሪው አልቋል» ስትባሉ የእያንዳንዱን ክፍል ልኬት በጽሑፍ ጠይቁ። መኪናው ያለውን ሌላኛውን ትንሹን 12 ቮልት ባትሪም አስመርምሩ፤ እሱ ሲደክምም ብዙ መብራት ሊበራ ይችላል። የሚገጠመው አዲስ ይሁን ያገለገለ ለዩ፤ ዋስትናውን በወረቀት ተቀበሉ፤ የወጣውን አሮጌ ዕቃ ልየው በሉ። ያገለገለ ሃይብሪድ የምትገዙም ይህን ሁሉ ቀብድ ሳትከፍሉ አስመርምሩ። የአየር መሳቢያውን በልብስም በዕቃም አትሸፍኑ፤ በየጊዜው አስጠርጉት።

አንድ አደራ አለኝ። ብርቱካናማ ሽቦ ያለበትን በራሳችሁ አትንኩ፤ የሰፈር ልጅም እንዲከፍተው አትፍቀዱ። ከ200 ቮልት በላይ ሊኖረው ይችላል። በኤሌክትሪክ የተያዘ ሰው ድንገተኛ ክፍል ተቀብዬ አውቃለሁ፤ ለብር ቁጠባ ተብሎ የሚደፈር ነገር አይደለም።

ባለቤቴ አሁን በምርኩዝ ጥቂት ይራመዳል። ጋቢውንም እግሩ ላይ ነው የሚያደርገው።