እንግዳ ደረጃው ላይ ቢወድቅ ማን ይከፍላል?

በአዋሽ ሰባትም ሆነ በሰመራ ፎቅ የሚያከራይ ሰው «የተዋዋልኩት ከተከራዩ ጋር ነው፤ እንግዳውን አላውቀውም» ቢል አያዋጣውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2077 የሕንፃ ባለቤትን፣ ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት፣ አስቀድሞ የማይታሰብ ቢሆንም እንኳ፣ ኃላፊ ያደርገዋል። ብሎኑ የላላ የደረጃ መደገፊያ ተነቅሎ ጠያቂ ቢሰበር፣ ውል አለ የለም አይባልም። ይከብዳል? አዎ፤ ግን ባለቤቱ ካጠፋው ግንበኛ ወይም ነዋሪ መልሶ መጠየቅ ይችላል፤ ተጎጂው ራሱ ካጠፋም ካሳው ይቀነሳል ወይም ይቀራል።

«በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌን የናጠው የመሬት መንቀጥቀጥስ?» የሚል አይጠፋም። ቁጥር 2086 «ልከላከለው አልችልም ነበር» የሚለውን መከራከሪያ አይቀበልም፤ በእኔ እምነት፣ ከመንቀጥቀጡ በኋላ ስንጥቁን እያየ ኪራይ የሚሰበስብ ባለቤትማ ጭራሽ አፉን ሞልቶ ሊናገረው አይችልም። አደጋው ያሰጋው ሰውም ጉዳት እስኪደርስበት መጠበቅ የለበትም፤ ባለቤቱ እንዲጠግን በቁጥር 2079 መጠየቅ ይችላል። ጉዳት ከደረሰ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ካልከሰሰ ይርጋ ያግደዋል።