የፍየሉ ሒሳብ ክላውድ ላይ ሲቀመጥ

ከሞያሌ ተጭኖ ናይሮቢ ኪያማይኮ የሚራገፍ ፍየል በብዙ እጅ ያልፋል። ሒሳቡም እንደዚያው በደላላው ደብተር፣ በሾፌሩ ስልክና በዋትስአፕ መልእክት ይበታተናል። ይህን ለመሰብሰብ አፕ የሚያሠራ የነጋዴዎች ማኅበር ፈጥኖ የሚገጥመው ጥያቄ፣ መረጃው የሚቀመጥበትን ዳታቤዝ ከየትኛው ኩባንያ እንከራይ የሚለው ነው።

ለዱቤ ንግድ የሚስማማው በተያያዙ ሠንጠረዦች የሚሠራው ዳታቤዝ ነው። እንስሳቱ በአንዱ፣ ገዢዎቹ በሌላው፣ ክፍያው በሦስተኛው ይሰፍራል። ባለሙያው በአግባቡ ከሠራው የ40 ፍየል ርክክብና የገዢው ዕዳ አብረው ይመዘገባሉ፤ ካልሆነም ሁለቱም አይመዘገቡም። ኔትወርክ መሃል ላይ ቢቋረጥ ፍየሉ «ተረክቧል» ተብሎ ዕዳው ሳይጻፍ አይቀርም። በዱቤ ሸጦ የተካካደ ሰው የዚህን ዋጋ ያውቀዋል።

አማዞን ይህን ኪራይ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፤ ማይክሮሶፍትና ጎግልም ያቀርባሉ። ሰርቨሩን መጠበቅ፣ ፕሮግራሙን ማደስና የዕለት ግልባጭ መያዝ የእነሱ ሥራ ነው። እረኛ እንደመቅጠር ቁጠሩት፤ የመንጋው ቆጠራ ግን አሁንም የባለቤቱ ነው። 40 ብሎ መጻፍ ሲገባ 14 የተጻፈውን ማንም አያርምላችሁም።

ሦስቱም ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ማዕከል አላቸው፦ ማይክሮሶፍት ከ2019፣ አማዞን ኬፕታውን ከ2020፣ ጎግል ጆሃንስበርግ ከ2024 ጀምሮ። ቅርበቱ ለፍጥነት ይጠቅማል፤ ዋስትና ግን አይሆንም። በሜይ 2024 ኢሲና ሲኮም የተባሉት የባሕር ገመዶች ሲበጠሱ የኬንያ ኢንተርኔት ተዳክሞ ነበር። የማርሳቢት መንገድ ኔትወርክማ ገመድ ሳይበጠስም ይጠፋል። ስለዚህ አፑ መዝገቡን ስልክ ላይ ይዞ ቆይቶ ኔትወርክ ሲገኝ የሚልክ መሆን አለበት። ሁለት ሰዎች ያንኑ ፍየል ከኔትወርክ ውጭ ቢሸጡ ምን እንደሚያደርግም ባለሙያውን ጠይቁ፤ መልስ ከሌለው ኮንትራቱን አትፈርሙ።

ሒሳቡ አብዛኛውን ጊዜ በዶላር ይታሰባል፤ ገበያ በሌለበት ቀንም ይቆጥራል። በሌላ ሕንፃ ተጠባባቂ ቅጂ ሲጨመር ዋጋው ወደ እጥፍ ስለሚጠጋ ለትንሽ ማኅበር አነስተኛው መጀመሪያ ይበቃል። ፖስትግሬስ ወይም ማይኤስኪውኤል ከመረጣችሁ ነገ ወደ ሌላ ኩባንያ መዛወር አያስቸግርም። የገዢ ስምና የኤም-ፔሳ ስልክ ቁጥር የግል መረጃ ስለሆነ፣ ከአገር ሲወጣ የ2019ኙ የኬንያ የመረጃ ጥበቃ ሕግ ይመለከታችኋል።

ከሁሉ በላይ የምለው ስለ ግልባጩ ነው። «ባክአፕ አለ» ሲባል አትርኩ፤ ያለፈውን ማክሰኞ መዝገብ ፊታችሁ መልሰው ያሳዩአችሁ። በአማዞን ራስ-ሰር ግልባጭ ቢበዛ ለ35 ቀን ነው የሚቆየው፤ ለአረፋ የተሸጠ ፍየል ክርክር ደግሞ ከዚያ ዘግይቶም ይነሳል። በየወሩ መጨረሻ አንድ ግልባጭ ለብቻው አስቀምጡ። አካውንቱም በአፕ ሠሪው ሳይሆን በማኅበሩ ስም ይከፈት።