ቴስቲኒው አዲስ፣ መሪው ልል

መኪናው ከጋራዥ ወጥቷል። ቴስቲኒዎቹ ተቀይረዋል፣ ኪንግ ፒኑ ከነቦኮላው አዲስ ነው፣ የፊት ባሌስትራው ተፈትቶ ተሠርቷል፣ አላይመንትም ገብቷል። ከተማ ውስጥ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ምንም አይል። የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ወጥቶ 80 ሲሞላ ግን ሹፌሩ ቀጥ ባለ አስፋልት ላይ መሪውን አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እያረመ፣ ትከሻው እስኪዝል ይታገላል። ነፋስ ከጎን ሲመታው ወይም ተሳቢ ሲቀድመው ደግሞ መኪናው መስመሩን ይለቃል። ብዙ ጊዜ ቀጥሎ የሚመጣው ሌላ ዕቃ መግዛት ነው። ጥፋቱ ያለበትን ቦታ ሳያገኙ ዕቃ መቀየር ግን ገንዘብ ይጨርሳል እንጂ መሪ አያቀናም፤ አደጋውም እዚያው ይቆያል።

ለምሳሌ እንዲሆነን አገራችን ውስጥ በየመንገዱ የምናየውን አይሱዙ ኤን ፒ አር እንውሰድ። የጭነቱም ሆነ ቅጥቅጥ የምንለው አውቶቡስ ከፊት ወጥ የብረት አክስል አለው፤ ባሌስትራው አክስሉ ላይ ተቀምጦ በዩ ቦልት ይታሰራል፤ ጎማዎቹም በአክስሉ ጫፎች በኪንግ ፒን ዙሪያ ይታጠፋሉ። ሹፌሩ መሪውን ሲያዞር እንቅስቃሴው በዘንጉና በክሮቼራው ወርዶ የመሪ ሳጥኑ ውስጥ ይገባል። ከሳጥኑ በፒትማን ክንድ ይወጣና በድራግ ሊንክ ወደ አንዱ ጎማ፣ ከዚያም በታይሮድ ወደ ሌላው ይሻገራል።

እዚህ መንገድ ላይ ሁለት የተለያዩ ሕመሞች ይነሳሉ። አንዱ ልልነት ነው፦ መሪው ይዞራል፣ ጎማው ግን ዘግይቶ ነው የሚሰማው። ሌላው መዋለል ነው፦ ሁሉም መገጣጠሚያ ጥብቅ ሆኖ ሳለ መኪናው ራሱ ቀጥ ብሎ አልሄድ ይላል። የመጀመሪያው የተበላ ወይም በደንብ ያልጠበቀ መገጣጠሚያ ውጤት ነው። ሁለተኛው በአብዛኛው የማዕዘን ጉዳይ ስለሆነ የዕቃ መደብር መድኃኒት የለውም። አብረው ሲመጡም አሉ፤ መካኒክን የሚያሳስተው ይኼኛው ነው።

ከሁሉ በፊት ጎማ ይታይ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ነፋሱ ጎማው ሳይሞቅ ይለካ፣ ግራና ቀኙ እኩል ይሁን፣ ራዲያልና ተራ ጎማ አንድ አክስል ላይ ተቀላቅሎ ከሆነ ይቀየር።

ልልነት የሚፈለገው መኪናው በክሪክ ተሰቅሎ ሳይሆን ጎማዎቹ መሬት ረግጠው ነው። ጎማው አየር ላይ ከተንጠለጠለ የሚቃወመው ነገር ስለሌለ የተበላው ዕቃ ደህና መስሎ አብሮ ይዞራል። እጅ ፍሬን ይያዝ፣ ጎማው በጠንካራ ታኮ ይደገፍ፣ መሪው ሃይድሮሊክ ከሆነ ሞተሩ ይነሳ። ረዳቱ ካቢን ውስጥ ሆኖ መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ አጠር አጠር አድርጎ፣ ሳያቋርጥ ይነቅንቀው። መካኒኩ ከሥር ተኝቶ እንቅስቃሴውን ከላይ ጀምሮ ይከተላል። በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ መዳፉን እንዲህ ያሳርፋል፦ ግማሹ በአንዱ ዕቃ፣ ግማሹ በሌላው ላይ። ዓይን የማያየውን የአንድ ሚሊ ሜትር መዘግየት እጅ ይሰማዋል። ጣት በሁለት ብረት መሃል እንዳይገባ ብቻ ይጠንቀቅ። አንዱ ወገን ተንቀሳቅሶ ሌላው የሚዘገይበት ቦታ፣ ጥፋተኛው እዚያ ነው።

ከጥገና በኋላ ይህ ፍተሻ የሚያወጣው ነገር ብዙ ጊዜ የተበላ ዕቃ አይደለም። ተፈትቶ ሲመለስ ያልጠበቀ የክሮቼራ ቡሎን ይገኛል። የመሪ ሳጥኑ ራሱ ሻንሲው ላይ ይነቃነቃል፤ ወይ ቡሎኖቹ ላልተዋል፣ ወይ ሻንሲው እዚያ ቦታ ተሰንጥቋል። አዲሱ ቴስቲኒም ሊያሳስት ይችላል። ሾጣጣ አንገቱ ከሚገባበት ቀዳዳ ጋር በትክክል ካልገጠመ ዳዶው ቢጠብቅም ብረቱ ቀዳዳው ውስጥ ይላወሳል። ምልክቱ በአንገቱ ዙሪያ የሚታይ ዝገት የመሰለ ቀይ ዱቄት ነው። ይህን ያየ ሰው ዳዶውን ጨምሮ በማጥበቅ አይለፈው፤ ዕቃው ወጥቶ ከቀዳዳው ጋር መመሳከር አለበት፤ በዚህ ቀልድ የለም።

ስንት ያህል ልልነት ይበዛል? አሜሪካ ውስጥ ትራክ የሚነዱ ወገኖቻችን የሚፈተሹበት የፌደራል ደንብ፣ 406 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው መሪ ሃይድሮሊክ ካለው ከ108፣ ከሌለው ከ51 ሚሊ ሜትር በላይ በባዶው እንዲዞር አይፈቅድም። ይህ የመጨረሻው ጣሪያ ነው። ጤነኛ መኪና ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው የሚኖረው።

መሪ ሳጥኑ ላይ ቆም እንበል፤ ብዙ ጥፋት የሚሠራው እዚህ ነው። ሳጥኑ ላይ በዳዶ የተቆለፈ ማስተካከያ ብሎን አለ። መሪ ላላ ሲባል መጀመሪያ የሚጠበቀው እሱ ነው፤ መነካት ያለበት ግን ሌላው ሁሉ ታይቶ ሲያልቅ፣ መጨረሻ ላይ ነው። ከልክ በላይ ከጠበቀ ጥርሱ ይተሻሻል፣ መሪው ከታጠፈበት በራሱ አይመለስም፣ ሹፌሩም በእጁ ሲመልሰው ከመስመሩ አልፎ ይሄዳል። ልልነቱን ሊያጠፋ ተነስቶ መዋለልን አመጣ ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ። የሳጥኑ ጥርስ የተሠራው ልክ መሃሉ ላይ ጠበቅ፣ ወደ ግራና ቀኝ ሲሄድ ደግሞ ላላ እንዲል ነው። ቀጥታ መንገድ ላይ መኪናው መሄድ ያለበት በዚያ ጠባብ መሃል ነው። በጥገና ጊዜ ፒትማን ክንዱ በአንድ ጥርስ ተዛንፎ ከገባ፣ ወይም የድራግ ሊንኩ ርዝመት ከተለወጠ፣ መሪው ጠማማ ይሆናል። ያኔ ቀላሉ ዘዴ መሪውን ነቅሎ ቀጥ አድርጎ መልሶ መትከል ይመስላል። ለዓይን ተስተካከለ፤ ሳጥኑ ግን ቀጥታውን መንገድ በላላው ጥርሱ እየሄደ ነው። መፈተሻው ቀላል ነው። ድራግ ሊንኩ ከፒትማን ክንዱ ይፈታ፣ መሪው ከዳር እስከ ዳር በቀስታ ይዙር፣ ዙሩ ይቆጠር። ግማሹ ላይ ሲቆም ጎማዎቹ ቀጥ ካሉ፣ ድራግ ሊንኩ ሳይጎተትና ሳይገፋ ቦታው ይገባል። ካልገባ ልልነቱ የተገኘው እዚያ ነው።

ለኩሽኔታና ለኪንግ ፒን ፍተሻ ግን አሁን መኪናው በክሪክ ይነሳ፤ ከሥሩም አስተማማኝ መደገፊያ ይግባለት። ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ሲነቀንቁት ከተላወሰ ኩሽኔታው ነው ወይስ ኪንግ ፒኑ? ረዳቱ ፍሬን ይርገጥ። መላወሱ ከጠፋ የሞዞው ኩሽኔታ ላልቷል፤ ካልጠፋ ኪንግ ፒኑ ነው። ድራግ ሊንኩ እንደተፈታም ጎማዎቹን በእጅ ወደ ግራና ቀኝ መግፋት ይጠቅማል። አዲስ ቦኮላ በልኩ ካልተፋቀ ወይም ግሪስ ካልደረሰው ኪንግ ፒኑን ጨምቆ ይይዘዋል። ጎማው በእጅ አልታጠፍ ካለ መንገድ ላይም በራሱ አይመለስም፤ ሹፌሩ ደግሞ ይህንንም «ልል» ይለዋል። ስለዚህ በጣም የጠበቀ ዕቃ የላላ ዕቃ ስሜት ይሰጣል፤ ይህን ለማመን የሚቸገሩ መካኒኮች ጥቂት አይደሉም።

ሁሉም ጥብቅ፣ ሁሉም በነፃ የሚታጠፍ ሆኖ መኪናው አሁንም ከዋለለ ካስተር ይፈተሽ። ካስተር ማለት ኪንግ ፒኑ ከላይ በኩል ወደ ኋላ ጋደል ማለቱ ነው። እጁን ለቆ ብስክሌት የሚነዳ ልጅን ከሚያግዙት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው፦ የፊት ሹካው ጋደል ያለ ስለሆነ ጎማው ከመታጠፊያው መስመር ኋላ ኋላ ይከተላል፣ ቢዛነፍም ራሱን ይመልሳል። በብዙ የጭነት መኪናዎች ይህን ማዕዘን የምትይዘው በባሌስትራውና በአክስሉ መሃል የምትገባ ቀጭን ሽብልቅ ብረት ናት። ባሌስትራው ከአክስሉ በላይ ከሆነ ወፍራም ጫፏ ወደ ኋላ ሲዞር ካስተር ይጨምራል። ባሌስትራ ተፈትቶ ሲገጠም ትረሳለች፣ ወይም ተገልብጣ ትገባለች። የ2 ዲግሪ ሽብልቅ ስትገለበጥ የሚጠፋው 4 ዲግሪ ነው፤ ለመኪናው ይህ ብዙ ነው።

ጭነት እንዲችል ተብሎ የኋላ ባሌስትራ ላይ ቅጠል ሲጨመርም የኋላው ከፍ ይላል፣ ፊቱ ያቀረቅራል፣ ካስተርም ይቀንሳል። ባዶውን የሚዋልል፣ ሲጫን የሚረጋ መኪና ካለ ይህን መጠርጠር ያስፈልጋል። ብዙ ቦታ አላይመንት የሚባለው የታይሮዱን ርዝመት ማስተካከል ብቻ ስለሆነ ካስተር ሳይለካ መኪናው ይለቀቃል። ደንበኛው የግራና የቀኝ ካስተር ቁጥር ተጽፎ እንዲሰጠው ይጠይቅ፤ መብቱ ነው።

የታይሮዱን ልክ ግን ቤትም መፈተሽ ይቻላል። በሁለቱ የፊት ጎማዎች መሃል ላይ በአክስሉ ከፍታ በጠመኔ ምልክት ይደረግና በምልክቶቹ መካከል ያለው ርቀት ከፊት ይለካል፤ መኪናው ምልክቶቹ ወደ ኋላ እስኪዞሩ ይገፋና ከኋላ ይለካል። የፊቱ ከኋላው ከሰፋ ጎማዎቹ ወደ ውጭ ይመለከታሉ፤ መኪናውም በትንሹ ነገር ግራና ቀኝ ይላል። ትክክለኛው ልክ በአምራቹ የጥገና መጽሐፍ ላይ አለ።

የኋላውም አይዘንጋ። የባሌስትራው መሃል ቡሎን ከተበጠሰ የኋላ አክስሉ ይንሸራተትና መኪናውን ከኋላ ይመራዋል። ከፊት አክስል እስከ ኋላ አክስል በሁለቱም ጎን ሲለካ እኩል መሆን አለበት።

አዲስ የታሰረ ባሌስትራ ቅጠሎቹ ጭነት ቀምሰው ሲረጉ የዩ ቦልት ዳዶዎች ይላላሉ። ስለዚህ መኪናው ከተሠራ በኋላ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ተጭኖ ከሄደ ሁሉም በቶርክ ቁልፍ፣ በመጽሐፉ ልክ፣ እንደገና ይጠበቁ።