የኤፍል ማማ፦ ለ20 ዓመት ብቻ የታሰበው ብረት

በፓሪስ ከተማ፣ በሴን ወንዝ አጠገብ ባለው የሻን ደ ማርስ ሜዳ ላይ የቆመው የኤፍል ማማ እ.ኤ.አ. በ1889 ለተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የተሠራ ነው። ኤግዚቢሽኑ የፈረንሳይ አብዮት 100ኛ ዓመት የተዘከረበት ነበር። ማማው ቤተ መንግሥት ወይም ቤተ ጸሎት አልነበረም፤ ሰው እንዲኖርበትም አልታቀደም። የፈረንሳይ መሐንዲሶች ብረትን 300 ሜትር ከፍ አድርገው ማቆም እንደሚችሉ ለዓለም ለማሳየት ታልሞ የተነሣ ሥራ ነው። ኤግዚቢሽኑ ሲዘጋ ለምን እንደሚያገለግል ግን ቁርጥ ያለ ነገር አልነበረም።

ሐሳቡ የመነጨው በጉስታቭ ኤፍል ኩባንያ ውስጥ ከሚሠሩት ሁለት መሐንዲሶች፣ ከሞሪስ ኬሽላን እና ከኤሚል ኑጊዬ ነው። በ1884 የነደፉት ማማ ከሥር የተራራቁና ወደ ላይ እየተጠጉ ጫፍ ላይ የሚገናኙ አራት እግሮች ነበሩት። ንድፉ ኤፍልን መጀመሪያ ላይ ብዙም አልሳበውም። አርክቴክቱ ስቴፋን ሶቬስትር እግሮቹን የሚያያይዙ ቅስቶችን ጨምሮ ንድፉን ሲያሳምረው ግን ሐሳቡን ተቀበለ፤ የፈጠራ መብቱንም ከሁለቱ መሐንዲሶች ገዛ። ኩባንያው በባቡር ድልድዮች የታወቀ ሲሆን፣ የኒውዮርክን የነጻነት ሐውልት ከውስጥ የተሸከመውን የብረት አጽምም ሠርቷል። ከፍ ያለ ብረት ነፋስን እንዴት እንደሚቋቋም የተማረውም ከእነዚህ ሥራዎች ነው።

የግንባታው ውል የተፈረመው በጥር 1887 ነው። መንግሥት 1.5 ሚሊዮን ፍራንክ ሲሰጥ የቀረውን ወጪ ኤፍል እንዲሸፍን ተስማሙ። በምትኩ ከመግቢያ ትኬትና ከምግብ ቤቶች የሚገኘውን ገቢ ለ20 ዓመት እንዲሰበስብ ተፈቀደለት። ከዚያ በኋላ ማማው ለከተማዋ ይመለሳል፤ ከተማዋም ብትፈልግ ማፍረስ ትችላለች።

ግንባታው የተጀመረው በዚያው ወር ነው። ከ18,000 በላይ የሆኑት የብረት ክፍሎች በከተማዋ ዳርቻ በሚገኘው የለቫሉዋ ፋብሪካ እየተቆረጡና እየተበሱ ይመጡ ነበር፤ ቀዳዳው ያልገጠመ ክፍል ወደ ፋብሪካው ይመለሳል እንጂ ሜዳ ላይ አይነካም። ክፍሎቹን ያያያዙት 2.5 ሚሊዮን ሪቬቶች ናቸው። በማማው ላይ አንዱን ሪቬት ለመምታት አራት ሰው ያስፈልግ ነበር፦ አንዱ በምድጃ ያግላል፣ ሁለተኛው ቀዳዳው ውስጥ ከትቶ ይይዛል፣ ሦስተኛው ጫፉን ቅርጽ ያስይዛል፣ አራተኛው በመዶሻ ይቀጠቅጣል። ብረቱ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ክፍሎቹን ይበልጥ አጥብቆ ያቆራኛቸዋል።

ከሁሉ የከበደው ግን አራቱን ዘማማ እግሮች በመጀመሪያው ፎቅ ላይ ማገናኘት ነበር። እግሮቹ የተደገፉበት መወጣጫ አናት ላይ አሸዋ የተሞሉ ሳጥኖች ተቀመጡ፤ ከእግሮቹ ሥር ደግሞ የሃይድሮሊክ ክሪክ ገባ። አሸዋው ጥቂት በጥቂት ሲለቀቅ እግሩ ዝቅ ይላል፤ ክሪኩ ደግሞ ያነሣዋል። በዚህ ዘዴ እግሮቹ በታኅሣሥ 1887 ገጠሙ። መጋቢት 31 ቀን 1889 ኤፍል ደረጃውን ወጥቶ ጫፉ ላይ የፈረንሳይን ባንዲራ ሰቀለ፤ አሳንሰሮቹ ገና ሥራ አልጀመሩም ነበር።

ተቃውሞው የተነሣው መሠረቱ እየተጣለ ሳለ ነው። በየካቲት 1887 ደራሲው ጊ ደ ሞፓሳን፣ የሙዚቃ ደራሲው ሻርል ጉኖ፣ የፓሪስን ኦፔራ ቤት የነደፈው ሻርል ጋርኒዬና ሌሎችም ማማው የከተማዋን ውበት ያጠፋል ሲሉ በጋዜጣ ላይ የተቃውሞ ደብዳቤ አወጡ። ኤፍል የመለሰው መሐንዲስም ለውበት እንደሚጨነቅ፣ የእግሮቹ መታጠፍም ነፋስን ለመቋቋም ከተሠራ ስሌት የመጣ መሆኑን በመግለጽ ነው። ማማው ሲከፈት ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በዚያው ዓመት ጎበኘው፤ ኩርፊያውም በአብዛኛው በረደ።

ኤግዚቢሽኑ ካለቀ በኋላ ግን የጎብኚው ቁጥር አሽቆለቆለ፤ የውሉም ዘመን እየተገባደደ ሄደ። ኤፍል ማማውን ከመፍረስ ለማዳን የተያያዘው መንገድ ሳይንስ ነበር። ጫፉ ላይ የአየር ጠባይ መመልከቻ አቋቋመ፤ በ1909 ደግሞ ከማማው ግርጌ የነፋስ ኃይል መመርመሪያ ዋሻ አሠራ። የማማውን ዕጣ የወሰነው ግን ራዲዮ ነው። በ1898 ኤዠን ዱክሬቴ ከማማው 4 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ፓንቴዎን ያለ ሽቦ መልእክት አስተላለፈ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የጦር መኮንኑ ጉስታቭ ፌሪዬ ማማውን የወታደራዊ ቴሌግራፍ አንቴና አደረገው፤ ወጪውን የሸፈነው ኤፍል ነበር። ለመከላከያ የሚጠቅም ነገር ማፍረስ አስቸጋሪ ስለነበር የኤፍል ውል ከ1910 ጀምሮ ለ70 ዓመት ታደሰ። በአንደኛው የዓለም ጦርነትም ጣቢያው የጀርመንን መልእክቶች ለመጥለፍ አገለገለ።

ከዚያ ወዲህ አንቴናነቱ አልተቋረጠም። በ1921 የራዲዮ ፕሮግራም፣ በ1935 የሙከራ ቴሌቪዥን ተላለፈበት። በ1930 የኒውዮርኩ ክራይስለር ሕንፃ እስኪበልጠው ድረስ በሰው እጅ ከተሠራው ሁሉ ረጅሙ እሱ ነበር። በ1940 ጀርመኖች ፓሪስን ሲይዙ የአሳንሰሮቹ ገመድ ስለተቆረጠ ባንዲራቸውን ለመስቀል ደረጃ ለደረጃ መውጣት ግድ ሆነባቸው። በ2022 በተተከለ አዲስ አንቴና ቁመቱ 330 ሜትር ደርሷል።

ማማው የተሠራበት ብረት ዛሬ ሕንፃ ከሚሠራበት አረብ ብረት ይለያል፤ ዋና ጠላቱም ዝገት ነው። ስለዚህ በአማካይ በየ7 ዓመቱ ይቀባል፤ ለአንድ ዙር 60 ቶን ያህል ቀለም የሚወስድ ሲሆን ሥራው በእጅ፣ በብሩሽ ይካሄዳል። ከ1964 ጀምሮ በፈረንሳይ ሕግ በታሪካዊ ቅርስነት የተመዘገበ ሲሆን፣ በ1991 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የሴን ወንዝ ዳርቻ አካልም ነው። ባለቤቱ የፓሪስ ከተማ ናት፤ በዓመት ከሚጎበኙት ከ6 ሚሊዮን የማያንሱ ሰዎች የሚገኘው ገቢም ለጥገናው ይውላል።